ከአምባሰል እስከ ገነተ ልዑል፦ የእቴጌ መነን አስፋው ሕይወት

ባለፈው ነሐሴ የማኅበራችንን የዓመት ሒሳብ ሪፖርት ለማስረከብ ከቦሩ ሜዳ አዲስ አበባ የሄድነው አምስት ሴቶች ነበርን። ሥራችን ካሰብነው ቀድሞ አለቀ። የመመለሻ አውቶቡሳችን በማግስቱ ንጋት ስለሚነሣ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተረፈን። ሰብሳቢያችን መርካቶ ወርደን ክር እንግዛ አሉ። እኔ ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለውን ሙዚየም እንይ ብዬ ለመንኩ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ የአምባሰል ተወላጅ የሆኑት እናታችን፣ በዚህ ዝናብ የሰው ቤት አይቼ ምን ላደርግ ብለው አጉረመረሙ። የእቴጌ መነን ቤት ነው ስላቸው ግን ዝም አሉ። የአምባሰል ልጅ ቤት ከሆነማ ሳላይ ብመለስ ጎረቤት ይስቅብኛል ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ክሩ ለማግስቱ ሳይሆን ለሌላ ዓመት ተላለፈ።

እውነት ለመናገር የድሮ ሰው ቤት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ ግብር የሚበላበት፣ ደሃና ሀብታም ሳይጠያየፉ አብረው የሚቀመጡበት ነበር ይባላል። ወይዘሮ ስኂን የሚለውን ስምም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን የትምህርት ቤት ስም አድርገን ነው። ወይዘሮ ስኂን ሰው እንደነበሩ፣ የንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን እኔ ራሴ ያወቅሁት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው እፍረት ነው።

ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ውስጥ ይገኛል። የተሠራው ከጣልያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲሆን የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር። ወራሪው ሲገባ የእንደራሴው መቀመጫ አደረገው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ነው፤ የአዲስ አበባ ሕዝብ ጭፍጨፋም ከዚህ ተነሥቶ ከተማውን አዳረሰ። ከደጁ ላይ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። የአምባሰሏ እናታችን ትንሽ ቆመው አዩትና ደግ አደረጋችሁ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ፎቁ ላይ ያለው ትርኢት የተደረደረው የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ነው። መጀመሪያ ልጅነት ከነመጫወቻው፣ ቀጥሎ ጉልምስና ከነትዳሩና ከነሥራው፣ በመጨረሻም ሞት። በዚያው ፎቅ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች አሉ፤ መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር ይታያል። እኔ ከእቴጌይቱ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሜ ስለ እሳቸው ያነበብኩትን ለጓደኞቼ ስነግር የአስጎብኚ ያህል ቆየሁ። የነገርኳቸውን እዚህ ላስፍረው።

መነን አስፋው መጋቢት 25 ቀን 1883 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የአምባሰል ገዥ ጃንጥራር አስፋው ናቸው። ጃንጥራር የግሸንን አምባ ከመጠበቅ ጋር የተያያዘ የአምባሰል የጥንት ማዕረግ ነው። እናታቸው ከላይ ያነሣኋቸው ወይዘሮ ስኂን ናቸው። አያታቸው ሚካኤል ደግሞ ታሪካቸው ከመንደራችን ይነሣል። ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት የወሎ ገዥ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እዚሁ ቦሩ ሜዳ ካደረጉት ጉባኤ ጋር ተያይዞ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ። የክርስትና አባታቸውም አፄ ዮሐንስ ነበሩ። ያ ጉባኤ ለወሎ ሙስሊም ከባድ ጊዜ ይዞ መጣ፤ ብዙ ሰው ተገደደ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ። ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ሣጥን ውስጥ የምንቆጥብ እኛ ይህንን ብናውቀው አይጎዳንም።

ሚካኤል በኋላ የአፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡና ልጅ ኢያሱ ተወለዱ። ስለዚህ ልጅ ኢያሱ ለመነን አጎት ናቸው፤ በዕድሜ ግን አራት ዓመት ያህል ያንሷቸዋል። ይህ ወደፊት ስለሚያስፈልገን ይያዝልኝ።

የመነን ልጅነት አጭር ነበር። በዘመኑ እንደነበረው ልማድ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ለወሎው መኳንንት ለደጃዝማች አሊ መሐመድ ተዳሩ። ሁለት ልጆች ወለዱ። ትዳሩ ፈረሰ። ዘመዶቻቸው ለሌላው የወሎ መኳንንት ለደጃዝማች አመዴ አሊ ዳሯቸው። እንደገና ሁለት ልጆች ወለዱ። ባልየው በድንገት ሞቱ። አያታቸው ደግሞ በዕድሜ እጅግ ለሚበልጧቸው ለሸዋው ራስ ልዑል ሰገድ አሰቧቸው። ያም ሳይጸና አጎታቸው ልጅ ኢያሱ የሐረርጌውን ገዥ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን በጋብቻ ለማሰር ፈልገው መነንን ለተፈሪ ሰጧቸው። ጋብቻው የተፈጸመው ሐምሌ 1903 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና መቁጠር አልተውም። መነን ከተፈሪ ጋር ሲጋቡ ሃያ ዓመታቸው ነው። እስከዚያ ድረስ አራት ልጆች ወልደዋል፣ አንድ ትዳር ፈርሶባቸዋል፣ አንድ ባል ሞቶባቸዋል፣ አንድ የታሰበ ትዳር ቀርቷል። ይህን ሁሉ የወሰኑላቸው ሌሎች ሰዎች ናቸው። የመጨረሻውን የወሰኑት አጎት ደግሞ በዚያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስለ ራሳቸው ሕይወት በጻፉት መጽሐፍ ጋብቻቸውን ሲያወሱ የእቴጌይቱን የቀደመ ትዳር አያነሡም። ሃያው ዓመት እንዲህ ከመዝገብ ውጭ ሆኖ ቀረ። በእኛ ሙያ ወጪ ተደርጎ ያልተመዘገበ ነገር ሲገኝ ኦዲተር ይጠይቃል። ለእሳቸው የጠየቀ ብዙ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ስደርስ አንድ የራሴን ነገር መደበቅ አልፈልግም። ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን ብድር ጠየቀች። የብድሩ ምክንያት በሚለው ቦታ ድግስ ተብሎ ተሞልቷል። የቁጠባዋ መጠን ለብድሩ ይበቃል፣ ሁለት ዋስ አላት፣ ፊርማው ተሟልቷል። እኔም ፈረምኩ። ድግሱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጇ ሠርግ እንደነበረ የሰማሁት ከድግሱ በኋላ ነው። ብድሩ በጊዜው ተመልሷል፤ በመዝገቤ ላይ ያለ አንዳች እንከን የተዘጋ ሒሳብ ነው። የልጅቱ ስም ግን ከመንደሩ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ስም ዝርዝር ጠፍቷል። የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት እንደሚል አውቃለሁ። ቅጹ ዕድሜ አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ። ከተፈሪ ጋር የኖሩበት ትዳር እስከ ዕለተ ሞታቸው ጸና። ስድስት ልጆች ተወለዱ፦ ተናኘወርቅ፣ አስፋወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኮንንና ሣህለ ሥላሴ። ሰላም ያገኙት ግን ቶሎ አይደለም። አስፋወሰን በ1908 ዓ.ም. ክረምት በተወለዱ በሁለት ወራቸው፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥት፣ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽ ሆኑ። አያት ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ገጠሟቸው። ለመነን ታስበው የነበሩት እኚያው ሰው በመነን አያት ጦር ተሸንፈው ሞቱ። ቀጥሎ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈና እሳቸው ተማረኩ። አዲስ አበባ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው ሕዝብ እያየ አለፉ። ሁለት ዓመት ያህል ታስረው ቆይተው እስር ላይ እንዳሉ አረፉ።

የሰገሌ ነገር በእኛ አገር እስከ ዛሬ ይወራል፤ ያልሞተበት ቤት አልነበረምና። ሲወራ ግን የወንዶቹ ስም ብቻ ነው የሚጠራው። በአንድ ወገን አያትና አጎት፣ በሌላው ወገን ባል፣ በመካከል የሁለት ወር ሕፃን ያቀፈች የሃያ አምስት ዓመት ሴት እንደነበረች ሳስብ ሌላ ታሪክ ይታየኛል። ማንኛውም ወገን ቢያሸንፍ እሷ ሐዘን አለባት። ባሏ ሲያሸንፍ ያዘነችውን የት ሆና እንዳለቀሰችው ደግሞ ከሴት በቀር የሚገምት የለም።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ መነንም በዚያው ዕለት የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። በማግስቱ ዓመት፣ 1924 ዓ.ም.፣ በስማቸው የተጠራው የሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ተከፈተ። አዳሪም ተመላላሽም ተማሪ ይቀበል ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጃገረዶች እየመጡ ተማሩበት፤ እቴጌይቱም እየተመላለሱ ይጎበኙት፣ በምረቃው ላይም ይገኙ ነበር። በስማቸው የተጠራ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም ነበር። ራሳቸው በተዳሩበት ዕድሜ ያሉ ልጆችን በክፍል ውስጥ ደብተር ይዘው ሲያዩ ምን ይሰማቸው ነበር? ይህን ጥያቄ ያነሣችው ከአምስታችን በዕድሜ የምታንሰው የጸሐፊያችን ረዳት ናት፤ መልስ የሰጣት ግን የለም።

ነገር ግን ሙሉውን መናገር ይገባል። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ሰሞን የገዛ ልጃቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ለትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳሩ። ጋብቻው ትግራይን ከመሐሉ መንግሥት ጋር ለማሰር ነበር። ብዙም ሳይቆዩ መቀሌ ላይ ሞቱ፤ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ዛሬ ዘነበወርቅ ስንል ሆስፒታሉና ታክሲ መያዣው ነው የሚመጣልን። እናት እቴጌ ሆነው፣ የሴቶች ትምህርት ቤት በስማቸው ተከፍቶ፣ በራሳቸው የደረሰው በልጃቸውም ደረሰ። በዚህ እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ የቤተ መንግሥት ጋብቻ የሚወሰነው በመንግሥት ጉዳይ ነበር። ግን ሥልጣን ያላት ሴት ሆናም ልጇን ማስቀረት እንደማትችል ሳነብ፣ ሥልጣን የሌላት የእኛዋ አባል ድግስ ብላ የሞላችውን ቅጽ አስታወስኩና ፍርዴን አለዘብኩ። የራሴን ፊርማ ግን አላለዘብኩትም።

1927 ዓ.ም. ለእኛ ማኅበር ሴቶች ልዩ ዓመት መሆን አለበት። ጣልያን ለወረራ ሲዘጋጅ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተመሠረተ፤ እቴጌ መነን በበላይ ጠባቂነት፣ ልዕልት ፀሐይም በሥራው ነበሩበት። ሴቶቹ ገንዘብ አዋጡ፣ ፋሻ አዘጋጁ፣ ለዘማች ልብስ ሰፉ፣ የመርዝ ጢስ መከላከያ ጭንብል ሠሩ። ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው እቴጌይቱ በሬድዮ ለዓለም ሴቶች የሰላም ጥሪ አሰሙ። እኔ ከዚህ ሁሉ የሚያስቀናኝ የዚያ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናት። ፋሻውን ቆጥራ ያስረከበች፣ መዋጮውን በስም በስም የጻፈች አንዲት ሴት መኖሯ የማይቀር ነው። መዝገቧን ባገኘው አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጬ አነበው ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ። ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር ባዝ የምትባል ከተማ። እዚያም ፌርፊልድ ሃውስ የሚባል ቤት ተገዝቶ ኖሩበት። የስደት ገንዘብ እንዴት እንደሚያልቅ እናውቃለን፤ የቤተ መንግሥት የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደረሱ። ብርዱ ለእቴጌይቱ ጤና አልተስማማምና ክረምቱን ኢየሩሳሌም ያሳልፉ ነበር። የተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው በ1929 ዓ.ም. በጣልያኖች እጅ ተገደሉ። ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች ዘውዴን ለቤተልሔም የልደት ቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ ብለው ለእመቤታችን ተሳሉ። ከነፃነት በኋላም ስለታቸውን ፈጽመው ላኩት። ባዝ ያለውን ቤት ንጉሠ ነገሥቱ በኋላ ለከተማው አረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ሰጡት።

ከስደት ከተመለሱ በኋላ የመጣው ሐዘን ከስደቱ ይብሳል። ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ነበር የተመለሱት፤ ለአገሪቱ ሕክምና ትልቅ ተስፋ ነበሩ። ተዳሩ፣ ባላቸውን ተከትለው ወለጋ ሄዱ፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ሞቱ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል ለእሳቸው መታሰቢያ የተሠራው ነው። የሐረሩ መስፍን ልዑል መኮንን ደግሞ ግንቦት 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የታገቱት ሹማምንት የተገደሉት በዚሁ በገነተ ልዑል ሳሎን ውስጥ ነው። መኝታ ክፍሉ ውስጥ መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አሁንም አለ፤ እኛም ተራ በተራ ጠጋ ብለን አየነው። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ እዚህ ቤት አልኖረም። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡትና ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። እቴጌ መነን ያረፉት በሁለት ወሩ፣ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴም በሁለት ወር ተከተሏቸው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተቋቋመና ሙዚየሙና ቤተ መጻሕፍቱ እዚህ ቤት ገቡ።

ከሙዚየሙ ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። ግቢው በተማሪ ተሞልቷል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ባይሆኑም ብዙ ሴቶች ነበሩ። ታክሲ ይዘን ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደረስን። ንጉሠ ነገሥቱ አፅማቸው በ1993 ዓ.ም. እዚህ ካረፈ ወዲህ የሁለቱ የጥርብ ድንጋይ መቃብሮች ጎን ለጎን ናቸው። ሰብሳቢያችን ጧፍ አበሩ። ሙስሊሟ እህታችን ጫማዋን አውልቃ ከበሩ አጠገብ ቆመች።

ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ አጀንዳው ላይ በተራ ቁጥር አራት ታገኙታላችሁ። ለሠርግ በሚጠየቅ ብድር ቅጽ ላይ የሙሽራዋ ዕድሜና የምትማርበት ክፍል ይሞላ የሚል ነው። የሚቃወሙ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ የሰው ቤት ምን አገባን የሚሉ። ክርክሩን እዚያው እናደርገዋለን።

በማግስቱ አውቶቡሳችን ጣርማበርን አልፎ ደብረ ሲና ሲወርድ የአምባሰሏ እናታችን ተኝተዋል ብዬ ነበር። ዓይናቸውን ሳይገልጡ እቴጌይቱ በጠቅላላ ስንት ወለዱ ብለው ጠየቁኝ። አሥር አልኳቸው። የስድስቱን ስም ትናንት ነግረሽኛል፤ ከዚህ አገር የወለዷቸው አራቱስ ስም የላቸውም ወይ አሉኝ። አላቸው አልኩና ነገርኳቸው። በላይነሽ፣ አስፋው፣ ደስታ፣ ገብረ እግዚአብሔር። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ ራሳቸው ደገሟቸው።